የፊደል ተራና የትምህርት ተራ፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን እያለፈ የሚሄድ መንገደኛ በየከተማው ሁለት ዓይነት የሕፃናት ትምህርት ቤት ያገኛል። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም በአንዲት ጎጆ የሚካሄደው የንባብ ቤት ነው። ሁለተኛው የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ደወል የሚደወልበት፣ በሰሌዳና በጠመኔ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሁለቱ ታሪክ ተለያይቶ ሲነገር ኖሯል፤ የመጀመሪያውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያመሰግኑታል፤ ሁለተኛውን የአስኳላ ሰዎች ያመሰግኑታል። ነገር ግን የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ለሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይነገረው፣ ከዚያስ ምን ይከተል፣ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው የሚያልፈውስ መቼ ነው የሚል ነው። ዛሬ ሥርዓተ ትምህርት የሚባለው ነገር ሥሩ ይህ ተራ ነው።

በንባብ ቤት ለሚገባ ሕፃን በመጀመሪያ የሚሰጠው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል 26 ሲሆን እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ስላለው 182 ይሆናል። አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ ፊደላት ከነዝርዝራቸው ሲታከሉበት 231 ይሞላል፤ ዲቃሎቹ ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። ይህ ለአምስት ወይም ለስድስት ዓመት ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ «ሀ» ይላል፤ ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቈመ «ሀ» ብሎ ይቀበላል። እንዲህ እየተቀበለ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ይወርደዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ፊደል ዐወቀ ማለት አይደለም፤ ዜማውን ዐወቀ እንጂ። አፉ «ለ ሉ ሊ» ሲል ስንደዶው በመ ቤት ላይ ይገኛል፤ ዓይኑም በቅጽሩ በር የምታልፈውን ፍየል ይከተላል። እናቱ በቤት ሆና ድምፁን ስትሰማ ልጄ ተማረ ብላ ደስ ይላታል። መምህሩ ግን በዚህ ደስታ አይታለልም። በተራ የተጠራ ፊደል ሁሉ አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚወጣ መሆኑን፣ ከተራው ተነጥሎ የቆመ ፊደል ሲታይ ግን ሕፃኑ ዝም እንደሚል ከብዙ ዘመን ልማድ ያውቃልና።

ለዚህ ነገር መድኃኒት ሆኖ የተሠራው አቡጊዳ ነው። አቡጊዳ ለማያውቀው ሰው ዝም ብሎ የተቀላቀለ ፊደል ይመስላል፤ አሠራሩን ለመረመረው ግን እጅግ የታሰበበት ነገር ነው። አ ከአ ቤት ግዕዙ፣ ቡ ከበ ቤት ካዕቡ፣ ጊ ከገ ቤት ሣልሱ፣ ዳ ከደ ቤት ራብዑ፣ ሄ ከሀ ቤት ኀምሱ፣ ው ከወ ቤት ሳድሱ፣ ዞ ከዘ ቤት ሳብዑ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ ቤቱም ይለወጣል፣ መልኩም ይለወጣል። ሕፃኑ ቀድሞ በዜማ የያዘው የሀለሐመ ተራ በዚህ ስፍራ ምንም አይረዳውም። ቅጥሉን አይቶ ድምፁን መለየት ግድ ይሆንበታል። ሀሁን የጨረሰ ሕፃን አቡጊዳ ሲገባ እንደገና ጀማሪ የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ በእውነቱም ፊደል መለየት የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው።

ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን ናቸው። የሀለሐመ ተራ በደቡብ ዓረብ ከተገኘው ከጥንቱ የፊደል ተራ ጋር ይዛመዳል፤ የአበገደ ተራ ደግሞ ከዕብራውያንና ከሶርያውያን ጋር ይተባበራል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ. ም. በታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ቃላቱን ያሰለፉት በአበገደ ተራ ነው። ደስታ ተክለ ወልድም በአማርኛው መዝገበ ቃላት ይህንኑ ተከትለዋል። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ቃል ፍለጋ ጥቂት ይቸገር እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ ፊደል ጠፋ ብሎ የጮኸ የለም። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢ በልቡ ቢያቆየው መልካም ነው።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ይመጣል፤ ይኸውም የዮሐንስ የመጀመሪያይቱ መልእክት መነሻ ነው። ከዚያም እንደየቦታው ልማድ መልእክታቱና ወንጌለ ዮሐንስ ይነበባሉ፤ በመጨረሻም መዝሙረ ዳዊት። የሚደነቀው ግን የመጻሕፍቱ ዝርዝር አይደለም፤ የአነባበቡ ደረጃ ነው እንጂ። ሕፃኑ ያንኑ ገጽ በአንድ አነባበብ አንብቦ አያልፈውም። በመጀመሪያ ቍጥር ይቈጥራል፤ ይህም ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ መጥራት ነው። ቀጥሎ በግዕዝ ያነባል፤ ይህም ፊደላቱን ገጥሞ ቃሉን በዜማ እየጎተተ ማውጣት ነው። ከዚያ ውርድ ንባብ ይከተላል፤ በመጨረሻም ቁም ንባብ፣ ማለት ሳይደናቀፍ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ለይቶ እንደ አዋቂ ማንበብ ነው። አንዱን ደረጃ ሳያጠና ወደ ሁለተኛው አይለቀቅም። የሚለቀቅበትም ቀን በዕድሜው ወይም በመስከረም መጥባት አይቈረጥም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ በማንበቡ ነው እንጂ። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ሥር አሥር ልጆች በአሥር ልዩ ልዩ ገጽ ላይ ይገኛሉ።

ይህ ልማድ ለምን እንደ ጠቀመ ያስረዱት ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንት ናቸው። በ1956 እ. ኤ. አ. ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በልቡ ሊይዘው የሚችለው አዲስ ነገር ከሰባት እጅግ የማይርቅ መሆኑን ጻፈ። ኋላ የተነሡት መርማሪዎች ቍጥሩን ከዚህም አሳንሰውታል። በ1974 እ. ኤ. አ. ላበርዥና ሳሙኤልስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ነገሩን ወደ ንባብ አመጡት። ፊደሉን ለመለየት ገና የሚደክም አንባቢ ልቡናው በሙሉ በዚያ ስለሚያዝ ትርጓሜውን የሚያስተውልበት አይተርፈውም፤ ፊደሉ በገዛ እጁ የሚመጣለት አንባቢ ግን ልቡናው ነጻ ይሆናል አሉ። በዚህም መሠረት የአውስትራልያው ጆን ስዌለር ከ1988 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ትምህርት ሲሰናዳ የተማሪውን የልብ ሸክም መመጠን እንደሚገባ አስተማረ።

ቍጥር ላይ ያለን ልጅ ያየ ሰው የእነዚህን ሊቃውንት ነገር ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል። ልጁ ሰባተኛውን ፊደል ሲጠራ የመጀመሪያው ከልቡ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቃሉን በጆሮው አይሰማውም። መፍትሔው ስለ ቃሉ ብዙ መንገር አልነበረም፤ ፊደሉ ድካም መሆኑ እስኪቀር ድረስ ማመላለስ ነበር እንጂ። ንባብ ቤት በአራቱ ደረጃዎች ያደረገው ይህን ነው፤ በቁም ንባብ የሚጠየቀውም ፍጥነት ለጌጥ የተጨመረ አይደለም።

ሌሊት ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። መብራት በሌለበት በጨለማ ውዳሴ ማርያምና ሌላው ጸሎት ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል፤ ያደረውም ቀለም በማግሥቱ እየተከለሰ ይጠየቃል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተጠና ነገር ሳይከለስ ቢቀር ወዲያውኑ በብዛት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው እየተከፋፈለ ቢከለስ ግን እንደሚጸና በገዛ ራሱ ላይ ፈትኖ አሳይቷል። የንባብ ቤት መምህር ኤቢንግሃውስን አላነበበም፤ ደቀ መዝሙሩ ትናንት የያዘውን ዛሬ ሲጥለው ግን አይቷል።

የአንድ መምህር ለብዙ ልጆች አለመብቃትም መላ ነበረው። ዳዊት የሚደግመው ልጅ መልእክት ለሚያነበው፣ መልእክት የሚያነበው ፊደል ለሚቈጥረው ያስቀጽላል። በእንግሊዝ አገር አንድሩ ቤልና ጆሴፍ ላንካስተር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህንኑ የመሰለ ሥርዓት ባቆሙ ጊዜ አዲስ ግኝት ተብሎ በብዙ አገር ተወርቶላቸዋል። በእርግጥ ቤል ነገሩን ያየው በህንድ አገር በማድራስ ነው፤ ስለዚህ ምንጩ ከምሥራቅ መሆኑን አልካደም።

ምስጋናው በዚህ ይብቃ፤ ጕድለቱን ሸሽጎ ማለፍ ታሪክ አይሆንምና። ስለ ልምጩ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ ፊደል ከፍርሃት ጋር ስለ ተጣበቀባቸው ከቅጽሩ ሸሽተው የቀሩት ልጆችም ጥቂቶች አይደሉም። ከዚህ የሚበልጠው ጕድለት ግን ሕፃኑ የሚያነበውን አለማስተዋሉ ነው። ግዕዝ በትርጓሜ የሚገለጠው በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ነው፤ ከንባብ ቤት ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ ዳዊት ደግመው በዚያው ይቀራሉ። ዳዊት ሲደገም ድግስ ይደገሳል፣ ጎረቤት ይመርቃል፤ ልጁ ግን መዝሙሩ ምን እንደሚል ቢጠየቅ መልስ የለውም። እላይ እንደ ተባለው የፊደል ልምምድ ልቡናን ለትርጓሜ ነጻ ያወጣዋል፤ በዚህ ቤት ግን ነጻ የወጣው ልቡና የሚውልበት ሳይሰጠው ይቀር ነበር።

ነገሩ በምዕራብ ሸዋ ይከብዳል። በጎጃም ወይም በመንዝ ያለ ልጅ ግዕዙን ባይሰማ እንኳ ከአማርኛው የሚመሳሰል ቃል እየለቀመ ጥቂት ያስተውላል። በጀልዱ ወይም በጌዶ ገጠር ተወልዶ በእናቱ ቤት ኦሮምኛ ብቻ ሲሰማ ላደገ ልጅ ግን መጽሐፉ ግዕዝ፣ መምህሩ የሚያስረዳበት ቋንቋ አማርኛ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን ተምሮ ሲያበቃ፣ በፊደሉ የተጻፈ የእናቱን ቃል አንድ እንኳ ሳያይ ያድግ ነበር።

ይህን ያሰቡ ሰዎች ቀድሞም አልጠፉም። ከባርነት ነጻ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኵሉ ሳሉ በ1894 እ. ኤ. አ. «ጀልቀበ በርሲሳ» የተባለ የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ በግዕዝ ፊደል አሳተሙ። ከፊደሉ ልምምድ ቀጥሎ ያለው ንባብ በሕዝቡ ዘንድ የሚነገረውን ተረትና ዜማ የያዘ ነበር፤ ይህንንም ከቃል ወደ ጽሕፈት በመሰብሰብ አስቴር ብዙ ደክማለች። የወንጌላውያን ሚስዮን ሰዎች ስለ ሆኑ ሥራቸው በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በጥርጣሬ መታየቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የመማሪያው አሠራር ለብቻው ሲመረመር ንባብ ቤት የጎደለውን የያዘ ነበር፤ ልጁ ፊደሉን ለይቶ እንደ ጨረሰ ወዲያው የሚያውቀውን ተረት በጽሕፈት ያገኛል። ኦኔሲሞስ በኋላ ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ አስተማረ።

በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛን መጻፍ ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። ፊደሉ ሲጠብቅና ሲላላ አንድ መልክ አለው። «በዳ» ሲላላ በኦሮምኛ ክፉ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ደጋ ማለት ነው። አማርኛ አንባቢም «ገና» የሚለውን ቃል ከነገሩ አካሄድ ነው የሚለየው። በንባብ ቤት ይህን ጕድለት የመምህሩ ድምፅ ይሞላው ነበር፤ መጽሐፍ ብቻውን ግን አይሞላውም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ታሪክ በአዲስ አበባ ይጀምራል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ. ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ. ም. ተከፈቱ። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ለቀው ሊሰፍሩበት አስበውት የነበረው አዲስ ዓለምም ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ሀገረ ሕይወት በተባለችው በአምቦ ከተማ በ1939 ዓ. ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት ከጠቢባን የተበደረው ብዙ ነበር፤ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ የውጭ ቋንቋ። ከንባብ ቤት የተበደረው ግን ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ይኸውም ማንበብ የሚችል ልጅ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ወደ አስኳላ የገቡት ፊደል ቈጥረው፣ አንዳንዶቹም ዳዊት ደግመው ነበርና።

በ1928 ዓ. ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዚህ ምስክር ናቸው። በልጅነታቸው ከብት እየጠበቁ የቤተ ክርስቲያኑን ግዕዝ ተማሩ፤ ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉም የንጉሥ ዲዮኒስዮስን ታሪክ የያዘ ተውኔት ጽፈው በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየላቸው። አባታቸው ኦሮሞ እናታቸው አማራ ነበሩና በሁለቱ ቋንቋ መካከል ማደጋቸውም አልጎዳቸውም። ነገር ግን እንደ እርሳቸው ያለውን ሰው ምሳሌ አድርጎ ስለ ሁሉ ልጅ መፍረድ አደገኛ ነው፤ የተራበ መንደር ውስጥ አንድ ጠግቦ ያደረ ሰው አይቶ ረኃብ የለም እንደ ማለት ነውና።

ትምህርት ቤቱ ሲበዛና በሩ ለሁሉ ልጅ ሲከፈት፣ ያ ብድር ቀረ። ከንባብ ቤት ሳያልፍ በቀጥታ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ በዛ። ትልቅና ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር፤ ግን አንደኛ ክፍል ለዚህ ተሰናድቶ አልጠበቀውም። ንባብ ቤት በብዙ ወራት የሚያመላልሰው የፊደል ልምምድ በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ መጀመሪያ በጥቂት ገጽ ታለፈ። አንድ ልጅ በመምህሩ ፊት ቆሞ የሚያነብበት ተራም ስድሳና ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ጠፋ፤ በስፍራው ክፍሉ በአንድነት የሚጮኸው ድምፅ ተተካ። አቡጊዳ የተሠራው ያን ድምፅ ለመፈተን ነበር፤ እነሆ ድምፁ ቀርቶ ፈተናው ተረሳ።

በ1971 ዓ. ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ያስተምር ነበርና በምዕራብ ሸዋ ብዙ ጐልማሳ በኦሮምኛ ያነበበው በዚያን ጊዜ ነው። በ1984 ዓ. ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለት በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አዘዘ። በግዕዝ ፊደል ፍቅር የተነሣ በዚህ ያዘኑ አሉ፤ ኀዘናቸውም የሚገባ ነው። ቢሆንም የጠበቀውን ከላላው፣ ረዥሙን ድምፅ ከአጭሩ ለይቶ መጻፍ በመቻሉ፣ ከዚህም ይልቅ የአምቦ ልጅ በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን የእናቱን ቃል በሰሌዳ ላይ በማየቱ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በእምኵሉ የታሰበው ነገር ተፈጸመ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ሁሉ ልጅ አነበበ ወይ? በ2002 ዓ. ም. በልዩ ልዩ ክልሎች ባሉ 338 ትምህርት ቤቶች ከ13,000 የሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ በአንድ እየተጠሩ ንባብ ተፈተኑ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ከሦስተኛ ክፍልም ከመቶው 20ው እንዲሁ። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ገብተዋል፣ ደብተር ይዘዋል፣ ከክፍሉ ጋር ዘምረዋል፤ ሁለትና ሦስት ዓመትም ተቀምጠዋል። ቋንቋው የእናታቸው ነበረ፤ ተራው ግን አልነበረም። ንባብ ቤት ተራ ኖሮት ትርጓሜ ጎደለው፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ትርጓሜውን ባገኘ ጊዜ ተራውን ጥሎ ተገኘ።

በዚህ ጕዳይ የደከመ አንድ ሰው በአሜሪካ ነበረ፤ ስሙ ሲግፍሪድ ኤንግልማን ነው። በ1960ዎቹ እ. ኤ. አ. በኢሊኖይ ከካርል በራይተር ጋር የድኾችን ልጆች እየሰበሰበ አስተማረ። ሥርዓቱ ቀጥተኛ ትምህርት ይባላል። መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ይላል፤ ቀጥሎ ከልጆቹ ጋር በአንድነት ይላል፤ ከዚያ ልጁ ብቻውን ይላል፤ የተሳሳተ ወዲያውኑ ይታረማል፤ የያዘውን ሳያጸና ወደ ፊት አይሄድም። በ1968 እ. ኤ. አ. በተጀመረውና ልዩ ልዩ የማስተማሪያ መንገዶችን ባነጻጸረው ሰፊ የአሜሪካ መንግሥት ሙከራ፣ በ1977 በወጣው ውጤት፣ በንባብም በሒሳብም የእርሱ ልጆች ከፍ ብለው ተገኙ። መንገዱ ልጅን እንደ ወታደር ያሰልፋል ብለው የነቀፉት መምህራን ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ የሙከራውን አመዛዘንም የተከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ።

የንባብ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ የሚደነግጥበት ነገር የለም። ኤንግልማን የጨመረው አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የፊደሉ መተዋወቂያ ተራ ነው። በመልክ ወይም በድምፅ የሚመሳሰሉ ፊደላት በአንድ ሰሞን መሰጠት የለባቸውም፤ አንዱ ከጸና ከብዙ ቀን በኋላ ሁለተኛው ይምጣ አለ። በዚህ ዓይን የአማርኛው ገበታ ሲታይ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለመዝገብ አመቺ ነው፤ ለሚማር ሕፃን ግን ዓይኑን የሚያምታታ ነው። ገበታው የተሠራው ፊደሉን ለመቍጠር ነውና በዚህ አይነቀፍም።

ከ2005 ዓ. ም. ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ሲሰናዱ ኦሮምኛ አንዱ ነበረ። አሰናጆቹም በቋንቋው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጡትን ፊደላት ቀድመው በማስተማር ልጁ ቶሎ ሙሉ ቃል እንዲያነብ አሰቡ። ስለዚህ የአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ቁቤን በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ መጀመሩን ትቶ በኤል ጀመረ። በ2009 ዓ. ም. ይህ ነገር በሕዝብ ዘንድ ሲሰማ ታላቅ ቍጣ ተነሣ። ሕዝብ ሳይጠየቅ ቁቤ ተለወጠ፣ ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ፊደል ተበላሸ ተባለ። ሊቃውንቱ ደግሞ ፊደሉ አንድም አልተነካም፣ የማስተማሪያው ተራ ብቻ ነው የተለወጠው ሲሉ መለሱ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን ያዩት ነገር ነበረ። የሊቃውንቱ ምክንያት እውነት ነው፤ ልጁ መጀመሪያ የሚማራቸው አምስት ፊደላት ተገጣጥመው ቃል የማይሆኑ ከሆኑ፣ ለብዙ ሳምንት የሚጮኸው ትርጕም የሌለው ድምፅ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ፊደሉን የሚያውቀው በዜማው ነው። አባት ለልጁ በቤት የሚያስጠናው፣ ታናሽ ከታላቁ የሚሰማው ያ ተራ ነው፤ እርሱን ያለ ምክር መንካት ቤተ ሰቡን ከመምህርነት መሻር ነው። የሚያሳዝነው ለዚህ ክርክር መፍትሔ የሚሆን ምሳሌ በየከተማው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆሞ ሳለ አንድም ሰው አለመጥቀሱ ነው። ንባብ ቤት ሀለሐመን አልሻረም፤ ልጁም ወላጁም በዜማው እንዲደሰቱ ተወው። በአጠገቡ አቡጊዳን አቆመ። አንዱ ተራ ለመዘከር፣ ሁለተኛው ተራ ለመለየት ሆነው በአንድ ገበታ ላይ ኖሩ። የኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ዜማ ለመዘከር ጸንቶ፣ የኤል ተራ ደግሞ ለመለየት በገጾቹ ውስጥ ቢከተል ኖሮ፣ ቍጣው ይህን ያህል ባልሆነም ነበር።

ገና ያልተፈታ ሌላ ቋጠሮ አለ። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። የጊንጪ ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኤክስ የተባለውን ቅርጽ በቁቤ ጠ ብሎ ያነበዋል፤ ሲ የተባለውን ጨ ይለዋል፤ ኪው የተባለውን ቀ ይለዋል። ደወል ተደውሎ ሁለተኛው መምህር ሲገባ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይጠፋ በቀረው በዚያው ቅርጽ ላይ፣ ሌላ ድምፅ ይነግረዋል። ልጁ የፊተኛውን ገና አላጸናም፤ የሁለቱም መምህራን አባባል ትክክል ነው። ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን ፊደል የሚቈጥር እንደ ሆነ ደግሞ ለዚያው ለጠ ድምፅ ሰባት መልክ ያለው ሌላ ቅርጽ ይጠብቀዋል። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እስኪጸና የትኛው ይቆይ፣ በስንት ወርስ ይለያዩ የሚለውን ጥያቄ የአንደኛ ክፍል መምህሩ ብቻውን፣ በስድሳ ልጆች ፊት ቆሞ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ እንዲፈታው ተትቶለታል።